የማይለቀስለት ጀግና፤ ስለ ቅርብ ጊዜ የልዕለ ኀያላንና የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች የቀረበ አስተያየት

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች የፊልም ሊቃውንት አይደለንም። ፊልም የምናየው ትምህርት ሲዘጋ ወደ አገራችን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ስንመለስ፥ በቢቸናና በሞጣ ከተማ ቪዲዮ ቤቶች በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን፥ አለዚያም ከጓደኛ በፍላሽ አስገልብጠን በየቤታችን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው ሐሳብ የተራ ተመልካች ሐሳብ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲረዳልን እንለምናለን። ሆኖም ተራ ተመልካችም የራሱ መመዘኛ አለው። ያን መመዘኛ ለይቶ ማውጣትና ፊልሞቹን በእርሱ መመዘን ለጥናት የማይጠቅም ሥራ አይደለም ብለን እናምናለን። ዓ.ም. ያልተጨመረበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገረ ነው።

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። የውጭ አገር ፊልም በእነዚህ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው «ትርጉም» በሚባለው መልክ ነው፤ ይኸውም አንድ ተራኪ በፊልሙ ድምፅ ላይ እየደረበ ነገሩን በዐማርኛ የሚያስረዳበት ዘዴ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ደግሞ ፊልም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በፍላሽ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ በአየር የሚበርሩት፥ በብረት ልብስ የሚዋጉትና ከሌላ ዓለም የሚመጡት ጀግኖች በወጣቱ ዘንድ የታወቁ ናቸው።

በእነዚህ ፊልሞች ላይ ከታላላቆቻችን ዘወትር የሚሰማው ነቀፋ ሐሰት ናቸው የሚል ነው። ሰው አይበርም፤ ሸረሪት የነከሰው ሰውም በግድግዳ ላይ አይሄድም። ይህ ነቀፋ ግን ሩቅ የሚወስድ አይመስለንም። ተአምር ስለ ተነገረበት ብቻ አንድን ታሪክ የሚንቅ ሰው በአገራችን አናውቅም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዙ ዘመን ከመቆማቸው የተነሣ አንድ እግራቸው ቢሰበር ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው በገድላቸው ይነገራል፤ ሥዕላቸውም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይታያል። ልብ ሊባል የሚገባው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ እግሩ ተሰበረ፤ ክንፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሲኒማው ግን ክንፉ በነጻ ይመጣል። ሸረሪቷ የነከሰችው ልጅ ለዚያ ኀይል የከፈለው ነገር የለም። ስለዚህ ተመልካች ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይጠባበቃል፤ ይህ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው መቼ ነው? ፊልሙ መልካም ወይም መጥፎ የሚሆነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

በእኛ አገር የዕዳው መጨረሻ የሚታወቀው በለቅሶ ላይ ነው። ስመ ጥር ሰው ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ወደ ለቅሶው ይወጣል፤ አልቃሿም በሙሾዋ ማን እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ሠራ፥ ማንን ትቶ እንደ ሄደ ትናገራለች። ፉከራን ሰው ስለ ራሱ ይፎክራል፤ ሙሾን ግን ማንም ስለ ራሱ አያወርድም። ጀግንነት የሚጸናው ሌላ ሰው ሲመሰክርለት ነው፤ ምስክርነቱም የሚሰጠው ሰውዬው እንዳይመለስ ሆኖ ከሄደ በኋላ ነው። የቢቸናና የሞጣ ተመልካች ይዞት የሚገባው መመዘኛ ይህ ይመስለናል፤ ይህ ጀግና ይለቀስለታል ወይስ አይለቀስለትም?

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው በ2019 የወጣው «አቬንጀርስ፡ ኤንድጌም» የተሰጠው ምስጋና የሚገባው ነው። ፊልሙ በዓለም ላይ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ማስገባቱን ለነጋዴዎች እንተወው። እኛን የነካን ቶኒ ስታርክ የተባለው ባለ ብረት ልብስ ጀግና ሌሎቹን ለማዳን ሲል መሞቱና በሐይቅ ዳር የተደረገለት ቀብር ነው። በዚያ ቀብር ላይ ፍንዳታም ጦርነትም የለም፤ ጓደኞቹ ዝም ብለው ቆመው ይታያሉ። ብዙ ፍልሚያ ከታየ በኋላ የመጣው ያ ዝምታ ለቅሶ ለደረሰ ሰው ሁሉ የሚገባ ቋንቋ ነው። እርግጥ በዚያው ፊልም የዓለም ሕዝብ እኩሌታ ከሞት ተመልሷል። ነገር ግን ለመመለሱ ዋጋ ተከፍሏል፤ ዋጋውንም የከፈለው ሰው አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የመጣው «መልቲቨርስ» ወይም የብዙ ዓለማት ሐሳብ ይህን ሁሉ አፈረሰው። ሐሳቡ እንደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጥፎ አይደለም፤ ከእኛ ዓለም ጎን ሌሎች ዓለማት ቢኖሩ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ የሚያመራምር ነገር ነው። በእነዚህ ፊልሞች ግን ሐሳቡ የሚያገለግለው በአንድ ዓለም የሞተውን ጀግና ከሌላው ዓለም አምጥቶ ለመተካት ነው። ምክንያቱም ከገበያ የራቀ አይደለም። ዲዝኒ የተባለው ኩባንያ ማርቭልን በ2009 ገዛ፤ በ2019 ደግሞ የፎክስን የፊልም ድርጅት ጨመረ። ስለዚህ በተለያየ ቤት የነበሩት ጀግኖች በአንድ ጌታ እጅ ገቡ። ገንዘብ የሚያስገባ ጀግና ሞቶ እንዲቀር ባለቤቱ አይወድም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው ምሳሌ የዎልቨሪን ነገር ነው። በ2017 የወጣው «ሎጋን» ይህን ጀግና አርጅቶ፥ ቁስሉ እንደ ቀድሞው አልድን ብሎት፥ ልጅን ለማዳን ሲል ሲሞት ያሳያል። ያችም ልጅ ትቀብረዋለች። በእኛ አስተያየት ከልዕለ ኀያላን ፊልሞች መካከል እንደዚህ ያለ የሰው ታሪክ ጥቂት ነው። በ2024 የወጣው «ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» የሚጀምረው ግን ያንኑ መቃብር በመቆፈር ነው። ቀልደኛው ጀግና የሟቹን ዐፅም አውጥቶ አጥንቱን መሣሪያ አድርጎ በሙዚቃ እየጨፈረ ይዋጋበታል። ነገሩ ለቀልድ የተደረገ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም በቪዲዮ ቤቱ ከሌላው ጋር ስቀናል። ከሣቁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶብናል። ከሰባት ዓመት በፊት ለዚህ ሰው ያዘንነው ሐዘን ምን ሆነ? መቃብሩ ሲከፈት የተዘረፈው የተመልካቹ ሐዘን ነው። በዚሁ ዓመት የቶኒ ስታርክን ቦታ የተጫወተው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ዶክተር ዱም የሚባል ሌላ ሰው ሆኖ እንደሚመለስ ተነግሯል። ሰውዬው ሌላ፥ ጭምብሉም ሌላ ነው ይባል ይሆናል፤ ፊቱ ግን ያ የቀበርነው ፊት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ያገኘነው በ2022 በወጣው «ብላክ ፓንተር፡ ዋካንዳ ፎረቨር» ነው። የመጀመሪያው «ብላክ ፓንተር» በ2018 ሲወጣ ቅኝ ገዢ ያልደረሰባት የዋካንዳ ነገር ከአገራችን ታሪክ ጋር እየተነጻጸረ ብዙ ተብሎበታል። እኛ ንጽጽሩን ብዙም አልወደድነውም፤ ዋካንዳን ያዳናት ከሰማይ የወረደ ብረትና የተሰወረ ድንበር ሲሆን፥ ዐድዋ ግን በግልጽ ሜዳ በሰው ነፍስ የተገዛ ነው። ሁለተኛው ፊልም ግን ሌላ ነው። የንጉሡን ቦታ የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን በ2020 በካንሰር ሕመም ሞተ። ሠሪዎቹም በቦታው ሌላ ሰው ከመተካት ይልቅ ንጉሡን አብረው ቀበሩት። ፊልሙ የሚጀምረው በሞቱ ነው፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይሸኘዋል፤ የሚያበቃውም እኅቱ ሹሪ የለቅሶ ልብሷን አቃጥላ ወንድሟን ስታስታውስ ነው። በሞጣ ይህ ክፍል ሲታይ ተራኪው ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። ከል መልበስና ከል ማውለቅ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። በመካከሉ ያለው የባሕር ሰዎች ጦርነት እጅግ የረዘመ ቢሆንም ፊልሙን የሚያቆመው ለቅሶው ነው።

«ስፓይደር ማን፡ ኖ ዌይ ሆም» (2021) ከሁለቱ መካከል የሚቀመጥ ነው። እርሱም ከሌሎች ዓለማት የቀድሞ ጀግኖችንና ጠላቶችን እየጠራ ገበያውን አድምቋል። ሆኖም መጨረሻው ዕዳ አለበት። ወጣቱ ዓለምን ለማዳን ሲል የሚወዱት ሁሉ እንዲረሱት ይስማማል። ስም ከሞት በኋላ የሚቀር ሀብት ነው በሚባልበት አገር ይህ ከሞት የማያንስ ዋጋ ነው። የሚመሰክርለት የሌለው ጀግና ሆኖ በጠባብ ክፍል ብቻውን ይቀራል። ፊልሙ እንደዚህ ባለ ነገር መዝጋቱን እናከብራለን።

ከልዕለ ኀያላን ወጥተን ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ስንመጣ፥ በ2014 የወጣው የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። በዚህ ፊልም ሳይንሱ ራሱ ዋጋ አስከፋይ ነው። ታላቅ የስበት ኀይል ባለበት አጠገብ ጊዜ ይዘገያል፤ ስለዚህ በአንዲት ፕላኔት ላይ የሚያልፈው አንድ ሰዓት በምድር ሰባት ዓመት ነው። አባትየው ወደ መርከቡ ሲመለስ 23 ዓመት አልፎ ያገኘዋል፤ ልጆቹ የላኩለትን መልእክት ተቀምጦ እያየ ያለቅሳል። ከዚህ በላይ የሚያስደንቅ መሣሪያ በፊልሙ ሞልቷል፤ እኛ የምናስታውሰው ግን ሰውዬው በሩቅ አገር ተቀምጦ መርዶውን መስማቱን ነው። ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሸኘ ወላጅ ይህን ለመረዳት የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልገውም።

በአገራችን ምድር የተሠራውንም ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። «ክራምብስ» የተባለው የ2015 ፊልም የተዘጋጀው በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆን፥ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተጫውተውበታል። ዘመኑ ከታላቅ ጥፋት በኋላ ነው። በሰማይ ላይ መርከብ ተንጠልጥሏል፤ የቀሩት ጥቂት ሰዎችም የድሮ ዘመን መጫወቻዎችን እንደ ውድ ቅርስ ይይዛሉ። የዛሬዎቹ ጀግኖች ነገ ትርጉማቸው የጠፋ ቁራጭ ፕላስቲክ ይሆናሉ ማለቱ ብልህ ሐሳብ ነው። የምንነቅፈው ግን የሞተውን ዓለም የሚያለቅስለት ሰው አለማሳየቱን ነው። ዕቃው ቀርቷል፤ ሙሾው የለም። አገራችን ቢጠፋ በመጨረሻ የሚቀረው ዕቃ ሳይሆን አልቃሽ ይመስለናል፤ እንዲህ ያለውን ፊልም የሚሠራው ከመካከላችን የሚነሣ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ፊልም መዝናኛ ነው፤ ከእርሱ ሐዘን መፈለግ ምን ይባላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ለቅሶ ለበዛበት ሕዝብ ሞት የማይጸናበትን ታሪክ ማየት እንደ ዕረፍት ይሆንለታል። እኛም ዕረፍቱን አንነፍገውም። የሚያሠጋን ሌላ ነው። በመጨረሻዎቹ ፊልሞች ላይ ጀግና ሲወድቅ በቪዲዮ ቤቱ የሚያዝን ሰው እየጠፋ፥ ይመለሳል ብሎ የሚሥቅ እየበዛ መሄዱን አይተናል። ሥቁ የተገባ ነው፤ ፊልሙ ራሱ አስተምሮታልና። ነገር ግን ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት መካከል ባለፉት ዓመታት ወንድሙን የቀበረ አለ። ሞትን እንደ ተራ ነገር እያሳየ የሚያዝናና ጥበብ ለዚህ ሰው የሚነግረው ምንም ነገር የለውም።

የቢቸና ሰው የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀን ታሪክ ሲሰማ መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቃል። አምስት ዓመት ጠላትን የተዋጋው አርበኛ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሞተ። ይህ መጨረሻ ያንገበግባል፤ ሆኖም በሌላ ዓለም ሳይሰቀል የቀረ በላይ አለ ብሎ የሚጽናና ሰው አልሰማንም። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህንና ሰብለን ከመቃብር አላስመለጡም፤ መጽሐፉም በዚህ ምክንያት አንባቢ አላጣም።

ስለዚህ የተራ ተመልካች ፍርዳችን አጭር ነው። ልዕለ ኀያሉ ይብረር፤ ዓለማትም ይብዙ። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተቀበረው ተቀብሮ ይቅር፤ ያለቀሰለትም ሰው በከንቱ እንዳለቀሰ አይነገረው።