«ሆርሞንን በተፈጥሮ ማመጣጠን»፦ ስለ አንድ ምክርና ስለ እኛም ድርሻ

ከጀሞ፣ ከመካኒሳና ከሃና ማርያም ወደምሠራበት ክሊኒክ የሚመጡ ሴቶች ገና ምርመራ ሳይጀመር «ዶክተር፣ ሆርሞኔ ተዛብቷል» ማለትን እየለመዱ መጥተዋል። ማን እንደነገራቸው ስጠይቅ አንዷ ከሬዲዮ፣ ሌላዋ ከባህል መድኃኒት ሻጭ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ (ይህን መጻፍ ያሳፍራል) ከሐኪም መስማቷን ትነግረኛለች። በቅርቡ አንዲት ታካሚ ታጥፎ የተቀደደ ባለ አንድ ገጽ ወረቀት አሳየችኝ። ወረቀቱ አብሽ፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድና ጤና አዳም በባዶ ሆድ ለሦስት ወር ቢጠጡ ማህፀን እንደሚጸዳና እንቁላል በየወሩ እንደሚለቀቅ ይናገራል።

በቅድሚያ ለወረቀቱ ፍርድ ሳናዛባ እንመስክር። አኗኗር እንቁላል መለቀቅን እንደሚነካ እውነት ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ያለባትና ክብደቷ የበዛ ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ ስትቀንስ ዑደቷ ሊስተካከል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕመሙ መመሪያም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ይሁንና አንዱን የአመጋገብ ዓይነት ከሌላው አላበለጠም። እንጀራና ሽሮዋን ትታ ውድ ዱቄት እንድትገዛ የሚያስገድድ ምክንያት የለም ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በልታ ስትደክም የምትውል ወጣት ሃይፖታላመሷ ወደ ፒቱታሪ የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚቀንስ የወር አበባዋ ሊቆም ይችላል። ለእርሷ ክብደት መቀነስን መምከር ጉዳት ነው።

ስለ ቅመማ ቅመሞቹ ግን እንቁላል እንዲለቀቅ እንደሚያደርጉ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘሁም። አብሽና ተልባ ምግብ ናቸው፤ ይብሉ። ጤና አዳም በቡና ላይ ቅጠሉ ጣል ሲደረግ አንድ ነገር፣ ተፈልቶ በብዛት ሲጠጣ ሌላ ነው፤ ጽንስ በማስወረድ የታወቀን ተክል ልጅ ለምትፈልግ ሴት በብዛት ማዘዝ ምን ይባላል?

የወረቀቱ ዋና ጉድለት ግን የሚያዘው ሳይሆን የማይጠይቀው ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ የወር አበባቸውን የሚያስታውሱት በበዓላት ነው። ወራችን 30 ቀን በመሆኑ የ28 ቀን ዑደት ያላት ሴት በዚህ ወር በማርያም ያየችው ደም በሚቀጥለው ወር በገብርኤል ይመጣል። «ቀኑ ተዛባ» ትላለች፤ የተዛባ ነገር ግን የለም። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 23 በመቶ የሚሆኑ ባለትዳር ሴቶች የእርግዝና መከላከያ መርፌ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ከመጨረሻው የሦስት ወር መርፌ በኋላ ለመጸነስ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። በዚህ መካከል አብሽ የጠጣች ሴት ብትጸንስ ምስጋናው የሚሄደው ለአብሹ ነው፤ የወረቀቱ ዝናም በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሦስተኛው ስለ ባል ነው። ወረቀቱ ባልን ከነጭራሹ አያነሳም።

እኛስ? የ35 ቀን ዑደት ላላት ሴት ፕሮጄስትሮንን በ21ኛው ቀን አስለክተን «እንቁላልሽ አይለቀቅም» ብለን የምንልክ ጥቂቶች አይደለንም። በ21ኛው ቀን መለካት የተሰላው ለ28 ቀን ዑደት ነው፤ ለእርሷ ተገቢው 28ኛው ቀን ገደማ ነበር። የእንቅርት ዕጢና የፕሮላክቲን ምርመራ የሚያስፈልጋትን ሳንለይ ረጅም የሆርሞን ዝርዝር እናዛለን፤ ውጤቱ ምንም ይሁን «መዛባት» የሚለውን ቃል እንሰጣታለን። ቃሉን ከእኛ ሰምታ መድኃኒቱን ከገበያ ብትፈልግ ምን ይገርማል? በእርግጥ እንቁላል የማይለቀቅላት ሴት ደግሞ የተሻለ ነገር አላት። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ባለባቸው 750 ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፌን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶ ሕያው ልጅ ወልደዋል። ክኒኑን ሳናስብ የሦስት ወር «ተፈጥሯዊ» ሙከራ መፍቀድ የዋህነት አይደለም፤ ሥራን አለመሥራት ነው። ዕድሜዋ 35 የሞላት ሴት ምርመራ ለመጀመር ከስድስት ወር በላይ መጠበቅ እንደሌለባትም እናውቃለን።

ወረቀቱን ያሳየችኝ ታካሚ ዑደቷ 28 ቀን ነበር፤ ማርያምና ገብርኤል ያሳሳቷት እርሷ ናት። ፕሮጄስትሮኗ እንቁላል መለቀቁን አረጋገጠ። የባሏ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደህና ነው። የማህፀን ቱቦዎቿ ራጅ ሲነሳ ግን ሁለቱም ተዘግተው ተገኙ፤ ከዓመታት በፊት ስለታከመችው የማህፀን ኢንፌክሽን እስከዚያች ቀን የጠየቃት አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ወደተከፈተው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ልኬያታለሁ። አብሹን መጠጣት ስትጀምር 31 ዓመቷ ነበር፤ አሁን 34 ሆኗታል።