ቤቱን ለሥራው ወይስ ሥራውን ለቤቱ?
አሮጌ ሕንፃ በአዲስ አገልግሎት ሲመዘን

አሮጌ ሕንፃን ለአዲስ አገልግሎት ያዘጋጀ አርክቴክት የሚመዘነው ለቤቱ የሚስማማ ሥራ በመምረጡ ነው። ቤቱን ለሥራው ሲል ከቆራረጠው ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥተው ጎንደርንና አዲስ አበባን የሚጎበኙ ሁሉ አራት ነገሮችን ይመልከቱ።

ክፍሎቹ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ በአዲስ አበባ የሚገኘውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እዚያው ነው። የንጉሡ መኝታና መታጠቢያ ክፍሎች ተጠብቀው የትርኢቱ አካል ሆነዋል። አዲሱ አገልግሎት በነባሩ ክፍል ልክ ሲገባ ቤቱ ታሪኩን ራሱ ይናገራል።

መጋጠሚያው። ወደ ግንቡ ቀርበው በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ይዩ። በጎንደሩ ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደረገው ጥገና ሲሚንቶና ብረት ያለው ኮንክሪት አስገብቶ ነበር፤ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን እያነሡ ኖራ መልሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኖራ ለስላሳና እርጥበት አሳላፊ ስለሆነ እርጥበትን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ውሃውን ድንጋዩ ውስጥ ስለሚያፍነው ድንጋዩ ይላጣል። ግራጫ፣ ደረቅና ከድንጋዩ የጠነከረ መጋጠሚያ ካዩ ይጠርጥሩ።

ጭማሪው። ስለ ቅርስ ጥገና እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የተተካው ክፍል ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ግን ይለይ ይላል። አዲስ ደረጃ ወይም የመስታወት ግድግዳ ነባሩን መስሎ ካሳሳተ ታሪክን ያዛባል። ግንቡን ሳይጎዳ ሊነሣ የሚችል ጭማሪ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ውሃው። ጎበዝ አርክቴክት ከቀለሙ በፊት ጣሪያውንና አሸንዳውን ያስተካክላል። ስለዚህ ሥራውን በሐምሌ ይፈትሹት፤ የግድግዳው ግርጌ ከረጠበ የሚያብረቀርቀው ወለል አያታልልዎ። የመብራት ሽቦና የውሃ ቧንቧ ለማሳለፍ የጥንቱ ግንብ ተቦርቡሮ እንደሆነም ይጠይቁ።

ለባሕር ዳር ሰው ቅርቡ የቤዛዊት ቤተ መንግሥት ነው። ለእሱም ሆነ ለሌላ አሮጌ ቤት አዲስ አገልግሎት በታሰበ ጊዜ፣ ከሚያምረው የወደፊት ሥዕል በፊት የነባሩ ቤት ልኬትና የጉዳቱ ዝርዝር ይቅረብልን እንበል። ቤቱን በደንብ ያላጠና ባለሙያ ሊለውጠው አይገባምና።