የመለኪያ ጥበቃ በሙያ ትምህርት ውስጥ ያለው ስፍራ

በቶርኖና በፍሬዛ ላይ የሚገጠመው የመስተዋት መለኪያ መሥመሮቹ ብዙ ጊዜ በ20 ማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሃምሳኛ ርቀት የተቀረጹ ናቸው። ይህን ያህል ረቂቅ መሣሪያ የሚሠራው ግን የብረት ፍቅፋቂ በሚበተንበትና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በሚረጭበት ቦታ ነው። እንዲህም ሆኖ፣ ልኬትንና ጥገናን ለየብቻ የሚያስተምረው የተለመደ አቀራረብ ጥበቃን ከልኬት ውጭ የሆነ ተጨማሪ ሥራ ያስመስለዋል። የዚህ አከፋፈል ጉድለት በአንድ ምሳሌ ይገለጻል።

መለኪያው በአሉሚኒየም ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል፤ መሥመሮቹን የሚያነበው ክፍል የሚመላለስበትን ክፍተትም ከንፈር መሰል ጎማዎች ይዘጉታል። ጎማዎቹ ፈሳሹ ወደሚረጭበት አቅጣጫ ዞረው ከተገጠሙ ቆሻሻ ይገባባቸዋል። በሽፋኑ ውስጥ ዝቅተኛ ግፊት ያለው የታመቀ አየር ሲለቀቅ፣ በክፍተቱ ወደ ውጭ እየወጣ ብናኝንና እርጥበትን ይከላከላል። ይሁን እንጂ ከመጭመቂያው ዘይትና ውሃ ይዞ የመጣ ያልተጣራ አየር መስተዋቱን ራሱን ያቆሽሻል፤ ንባቡም ይዛባል ወይም ይቋረጣል።

ጥገናን ብቻ የተማረ ሠልጣኝ የአየሩን ቧንቧ አገናኝቶ ይሄዳል፤ ልኬትን ብቻ የተማረው ደግሞ የሚታየውን ቁጥር አምኖ ይቆርጣል። የተበላሸው ዕቃ ኃላፊነት በሁለቱ መካከል ባለቤት ያጣል። ስለዚህ ሠልጣኙ የማጣሪያውን ምርመራና የጎማውን አገጣጠም ከማይክሮሜትር ንባብ ጋር በአንድ ልምምድ ሊማር፣ በአንድ ፈተናም ሊመዘን ይገባል።