ርችት፣ ፈቃድና የአሽቀሎን ጆሮ

በልጅነታችን በጎንደር ገጠር ሠርግ ያለ ተኩስ አያምርም ነበር። ጥይት ሲጮህ እናቶች እልል ይላሉ፤ እኛ ልጆች ቀለህ ለመልቀም እንሽቀዳደማለን። ያንን ድምፅ ደስታ ብሎ የተማረ ጆሮ ይዘን ነው ወደዚህ አገር የገባነው። አሽቀሎን የተወለዱት የልጅ ልጆቻችን ግን የተማሩት ሌላ ነው። ሲሬን ከጮኸ ወደ መጠለያ ለመግባት ያላቸው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ኪፓት ባርዜል ለመጀመሪያ ጊዜ ያከሸፈውም በሚያዝያ 2011 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወደዚህችው ከተማ የተተኮሰ ሮኬት ነበር። በር ዘግቶ ለተቀመጠ ሰው የዚያን ድምፅ ከርችት መለየት ቀላል አይደለም።

በ2022 የባህል ሚኒስትሩ ሒሊ ትሮፐር በሄርጽል ተራራ የሚደረገው የነጻነት ቀን ሥነ ሥርዓት ጩኸት በሌለው ርችት እንዲከበር ወሰኑ። በርካታ ከተሞችም ርችታቸውን ተዉ ወይም ቀነሱ። ምክንያቱ ከጦርነት የመንፈስ ቁስል ይዘው የተመለሱት ወታደሮች ነበሩ። ውሳኔውን ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ጎዶሎነቱ ግን አይሸሸግም። በክርክሩ ጎልቶ የተሰማው የወታደሩ ስም ነው። በደቡብ ከተሞች አልጋ ሥር ገብቶ ያደገው ሕፃን ስም እምብዛም አልተሰማም።

«ያለ ጩኸት በዓል የለም» የሚሉም አሉ። ነገሩን ከባሩዱ እንጀምር። ፍንዳታውን የሚያጎላው ባሩዱ ጠብቆ መታሸጉ ነው። ቀለሙ ከሌላ ይመጣል፤ ቀዩ ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ከባሪየም ጨው። ስለዚህ ብርሃኑን ከጩኸቱ መለየት ይቻላል። እርግጥ ፍጹም ጸጥታ የለም፤ ሲወነጨፍም ድምፅ አለው። ዝቅ ብሎ ስለሚፈነዳም ከሩቅ የቆመ ሰው ብዙ አያይም። ይህ ኪሳራ ነው፤ አልክደውም። የእኛ ስግድ ግን በነጋሪት፣ በቃጭልና በቄሶቻችን ድምፅ ዘመናት ሲከበር ኖሯል፤ ባሩድ ፈልጎ አያውቅም።

ባህል ነው ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። በሚያዝያ 2021 በላግ ባዖሜር ሌሊት በሜሮን ተራራ 45 ሰዎች በጠባብ መተላለፊያ ተረጋግጠው ሞቱ። የገደላቸው እሳቱ አልነበረም፤ ለዓመታት የታወቀ መጨናነቅ ነበር። የተሾመው አጣሪ ኮሚሽንም በ2024 ባወጣው ዘገባ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ድረስ ተጠያቂዎችን ዘርዝሯል።

እንግዲህ ነቀፌታዬ በፈቃዱ አሠራር ላይ ነው። ለርችት ፈቃድ ሲሰጥ በአብዛኛው የሚታሰበው ሊያይ ስለመጣው ሰው ነው፤ ከማስወንጨፊያው ምን ያህል ይራቅ፣ የእሳት አደጋ መኪና የት ይቁም፣ ሕዝቡ በየት ይውጣ። መልካም ነው። ሊያይ ስላልመጣው ሰውስ ማን ይጠይቃል? የሚተኮስበትን ሰዓት አስቀድሞ በዕብራይስጥ፣ በአማርኛና በሩስኛ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣል? (በፉሪም ልጆች በየመንገዱ የሚያፈነዱት ደግሞ ፈቃድ የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቀውም፤ እሱ የወላጅ ጉዳይ ነው።)

በአጋሚም አዳዲስ ሕንጻዎች እያንዳንዱ ቤት ማማድ አለው። በከተማዋ አሮጌ ሰፈሮች ብዙ ቤት የለውም። እዚያ ርችቱ ሲጀምር አሮጊቷ ነጠላዋን ይዛ ወደ ደረጃው ትወጣለች፤ ጎረቤት «እማማ፣ በዓል ነው» እስኪላት ድረስም ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች።