ወፍጮና መጅ ይገጥማሉ፤ ጠፍጣፋ ግን አይደሉም

አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ለማደራጀት የሚያስብ ሰው፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ደጀን፣ ስለ ሰርፌስ ፕሌት ቢጠይቅ ሁለት ዓይነት ምክር ያገኛል። አንዱ «ከእብነ በረድ ቆራጮች ቁራጭ ግዛ፣ በቃህ» ይለዋል። ሌላው «ሰርተፊኬት ያለውን፣ ከፍተኛውን ደረጃ ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን» ይለዋል። ምክሮቹ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የሚስቱት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ስለ ዕቃው ያወራሉ፤ ጠፍጣፋነቱን በምን እንደምናረጋግጥ ግን አይነግሩንም።

ሰርፌስ ፕሌት የሥራ ቤቱ «ዜሮ» ነው። ከፍታ የምንለካው፣ የምንቀይሰው፣ የተጣመመውን ከደህናው የምንለየው ከእሱ ተነስተን ነው። እሱ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ይሳሳታል፣ ስህተቱም አይታይም። የአንድ ወፍጮ ቤት ዲዝል ሞተር ቴስታታ እንፈትሽ እንበል። የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የተሳሳተ ፕሌት የተጣመመውን ቴስታታ «ደህና ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚያ ጓርኒሽኑ ይቃጠላል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ሰዉም እህሉን ተሸክሞ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ምክር በቁጥር እንየው። ለወለልና ለኩሽና የሚቆረጥ ድንጋይ የሚለሰልሰው እንዲያብረቀርቅ ነው። ማብረቅረቅና ጠፍጣፋ መሆን ደግሞ ለየቅል ናቸው። ጠፍጣፋ ሆኖ ቢገኝ እንኳ 60 ሳንቲሜትር ርዝመትና 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በሁለት ጫፉ ብቻ ቢደገፍ፣ ግትርነቱን 50 ጊጋፓስካል ብለን ስናሰላ፣ መሃሉ በራሱ ክብደት 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ይረግባል። ከተፈቀደልን 0.05 ውስጥ ከግማሽ በላዩን ድንጋዩ ራሱ በላው ማለት ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ርግበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ውፍረት ለጌጥ አይደለም። አደጋገፉም እንዲሁ ነው። ፕሌት በሦስት ነጥብ ላይ ይቀመጣል፤ ድስት በሦስት ጉልቻ ሲጣድ የማይወላወለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክር የተማረ ሰው ምክር ይመስላል፤ ግን እሱም ልክ የለውም። በአይ ኤስ ኦ 8512 መሠረት 400 በ250 ሚሊሜትር ለሆነ ፕሌት በደረጃ 0 ወደ 4 ማይክሮሜትር፣ በደረጃ 1 ወደ 8፣ በደረጃ 2 ወደ 16 ስህተት ይፈቀዳል። መለኪያው ከሚፈቀደው ልዩነት ሩብ በላይ መሳሳት የለበትም የሚለውን የተለመደ መመሪያ ከያዝን፣ ለ0.05 ሚሊሜትር የሚያስፈልገን 12.5 ማይክሮሜትር ነው። እና ደረጃ 1 ይበቃል። ደረጃ 0 ብንገዛስ? የደብረ ማርቆስ ጠዋት ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ይግላል። 7 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ይኸው ፕሌት በላይና በታች ገጹ መካከል የ1 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ወደ 2 ማይክሮሜትር ይጎብጣል፤ ይህ ብቻውን የደረጃ 0ን ግማሽ ይጨርሳል። ሰርተፊኬቱ የሚመሰክረው ፕሌቱ ስለተለካበት ቀንና ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ስለደረሰበት ቀን አይደለም።

ታዲያ በምን እንወቅ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሌላ ጠፍጣፋ ነገር አምጥተህ አጋጥመው» ይላል። የጎጃም እናቶች ወፍጮ ግን የዚህን ምክር ስህተት ያሳየናል። መጅና ወፍጮ ሲፋጩ ኖረው እርስ በርስ ይገጥማሉ፤ ሆኖም ወፍጮው ጎድጓዳ፣ መጁ ጎባጣ ነው። መግጠም የጠፍጣፋነት ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው ሦስተኛ ሲጨመር ነው። አንደኛው ጎባጣ፣ ሁለተኛው ጎድጓዳ ቢሆን፣ ከሁለተኛው ጋር የሚገጥመው ሦስተኛ የግድ ጎባጣ ይሆናል፤ ከአንደኛው ጋር ሲገናኝ መሃል ላይ ብቻ ይነካካሉ፣ ውሸቱም ይወጣል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ግላስጎው ላይ ያቀረበው ጽሑፍ በዚህ መንገድ ላይ የቆመ ነው፤ ገጾቹንም እርስ በርስ ከመፈጨት በመፋቂያ ማስተካከል እንደሚሻል ተከራክሯል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ሦስቱም እኩል የተጠማዘዙ ከሆኑ ሊገጥሙ ይችላሉ። ስለዚህ አንዱን 90 ዲግሪ አዙሮ በቀለም ደግሞ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ግራናይት ወይስ ብረት ለሚለው ክርክርም መልሱ ከዚሁ ይመጣል። ግራናይት አይዝግም፣ ቢመታም ይሸረፋል እንጂ ጠርዙ አያብጥም፤ የጎጃም ክረምት ለረሳው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካስት አይረን ይዝጋል፤ ነገር ግን ሙቀቱን ቶሎ ያመጣጥናል፣ ሲያረጅም እዚያው በእጅ ተፍቆ ይታደሳል። ዘይት መቀባት ለማይሰለቸውና መፋቅ ለሚማር ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ሦስት ትንንሽ የካስት አይረን ፕሌቶች ከአንድ ውድ ግራናይት ይበልጣሉ። ለዚህ ጊዜ የሌለው ወፍራም የደረጃ 1 ግራናይት ይግዛ፣ ፀሐይ ከበሩ ከማይደርስበት ቦታ በሦስት ነጥብ ያስቀምጠው፣ የሚለካውንም ዕቃ አብሮት አሳድሮ ይለካ።

ሻጩን የምንጠይቀው እንግዲህ «ስንተኛ ደረጃ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ሲሳሳት በምን አውቃለሁ?» የሚለውን ጭምር ነው። ለዚህ ጥያቄ ሻጩ መልስ ባይኖረው እንኳ፣ ገዢው ሊኖረው ይገባል።