የውሰት ሌሊት፦ የመሐመድ ወርዲ የአዲስ አበባ አልበም ከጀሪፍ ሲደመጥ

ጀሪፍ የሚባለው ሰፈር በካርቱም ሰው ዘንድ በጡብና በሐበሻ ይታወቃል። ጡቡ ዓባይ ከደጋችን ጠርጎ ወስዶ በዳርቻው ከሚጥለው ደለል ይሠራል፤ ወንዙ ዳር በተደረደሩት ምድጃዎች ተጠብሶ ቀልቶ ይወጣል። ሐበሻው ደግሞ በመተማ ወይም በሁመራ በኩል የተሻገረ ነበር፤ ከርሞ ሊመለስ ያሰበም፣ ወደ ሊቢያ የሚሄድበትን ቀን የሚጠብቅም፣ ሀያ ዓመት ኖሮ ልጅ ያሳደገም ነበረበት። የሱዳኑ ጦርነት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እስኪፈነዳ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰፈሩ የሚሰማው ሙዚቃ የነዋሪውን ድርብ ኑሮ ይናገር ነበር። ካንዱ እንጀራ ቤት ጥላሁን ገሠሠ፣ ከጎኑ አስቴር አወቀ፣ ከሻይ ሻጯ ሬዲዮ የኦምዱርማን ዘፈን ይወጣ ነበር። ከሱዳኖቹ ዘፋኞች ሐበሻው እንደራሱ የሚቆጥረው አንድ ሰው ቢጠራ መሐመድ ወርዲ ነው፤ ከወርዲ ሥራዎች ደግሞ ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ከሕዝብ ፊት በተቀዳው የመድረክ አልበም ላይ ነው። አልበሙ የከተማይቱን ስምና ዓመቱን በርዕሱ ይዟል። ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈውም ይደመጣል። ለምን?

ቶሎ የሚመጣው መልስ ቅኝት ነው። የሱዳን የከተማ ዘፈን በአብዛኛው ግማሽ ድምፅ በሌለው ባለ አምስት ኖታ መሰላል ላይ ይቆማል፤ የእኛ ትዝታ ሜጀርም እንዲሁ። ወርዲ በልጅነቱ የገረፈው የኑብያ ታምቡርና የእኛ ክራር የአንድ ቤተሰብ መሣሪያዎች ናቸው። በሁለቱም አገር ከበሮው ስድስት ስምንተኛ ምት ይወዳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን አንድን አልበም ከሌላው ለይቶ ሊያስረዳልን አይችልም። የስኮትላንድና የቻይና ባህላዊ ዜማም ባለ አምስት ኖታ ነው፤ ጀሪፍ ውስጥ የስኮትላንድ ዘፈን ክፈቱልኝ የሚል ሐበሻ ግን አይገኝም። ቅኝት በሩን ይከፍት ይሆናል፤ እንግዳውን ሠላሳ ዓመት ቤት ውስጥ ያስቀመጠው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ለንጽጽር ወደ ሩቅ እንሂድ። የስታዲየም ሮክ በ1970ዎቹ ከፍ ብሎ ሲወጣ ታላላቅ ዝናዎቹን የተሸከሙት በመድረክ የተቀዱ አልበሞች ነበሩ። ፒተር ፍራምፕተን በ1976 ያወጣው አልበም የአሜሪካን ገበያ አጥለቀለቀው። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርቡት ግን በባዕድ ከተማ የተቀዱት ናቸው። እንግሊዛውያኑ ዲፕ ፐርፕል በ1972 ኦሳካና ቶኪዮ ላይ ተጫውተው የቀዱት ሥራ የጃፓንን ስም ይዞ ወጣ። ቺፕ ትሪክ የሚባለው የኢሊኖይ ቡድን ደግሞ አገሩ ላይ እምብዛም በማይሸጥበት ጊዜ፣ በ1978 ቶኪዮ በሚገኘው ቡዶካን አዳራሽ ተጫወተ፤ የጃፓን ልጃገረዶች ጩኸት የሞላበት ቅጂ ተመልሶ አሜሪካን ገዛ። አሜሪካዊው አድማጭ የራሱን አገር ልጆች ማንነት የተረዳው በጃፓናውያን ጉሮሮ ነው ማለት ይቻላል። በእንዲህ ያለ አልበም ውስጥ ሕዝቡ ከዘፋኙ እኩል ተጫዋች ነው። ኩዊን የተባለው ቡድን ይህን ምስጢር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ በ1977 ባወጣው አልበም መክፈቻ ላይ ስቱዲዮ ውስጥ እግርና ጭብጨባ ደራርቦ ቀድቶ፣ ገና ያልመጣውን የስታዲየም ሕዝብ አስቀድሞ ሠራው።

የወርዲ አልበም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቺፕ ትሪክ ከቡዶካን በኋላ ሻንጣውን ሸክፎ ቤቱ ገባ። ወርዲ የሚገባበት ቤት አልነበረውም። በ1989 ኦማር አል በሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ወርዲ ከአገሩ ወጣ፤ የተመለሰው በ2002 ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲዘፍን ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነበር፤ የስደቱም መሐል ላይ ነበር።

እዚህ ላይ የሁለቱን ከተሞች ሌሊት ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ እንደምገምተው የአልበሙ ቁልፍ ያለው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ከ1974 ጀምሮ ደርግ እስኪወድቅ በሰዓት እላፊ ሥር ኖረች። የሆቴል ባንዶች ይጫወቱ የነበረው ለተቆለፈበት ሰው ነው፤ ሰዓቱ ከገባ በሩ ይዘጋል፣ ታዳሚውም ሙዚቀኛውም ንጋትን አብሮ ይጠብቃል። በዚያ ዘመን ካርቱም የሐበሻ ስደተኛ መጠጊያ ነበረች። ለሐበሻው የካርቱም ማታ ነጻነት ነበረው ማለት ግን ማጋነን ይሆናል፤ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በ1983 የሸሪዓ ሕግ ካወጀ በኋላ የዚያም ከተማ ሌሊት ጠቧል። ቢሆንም ዘፈን ነበረ፣ ሠርግ ነበረ፣ ሐፍላ የሚባለው የዘፈን ድግስ እስኪነጋ ይዘልቅ ነበር። ከዚያ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ነገሩ ተገለበጠ። በ1989 ካርቱም ላይ ሰዓት እላፊ ወደቀ፤ ሐፍላ በፈቃድ ሆነ፣ በሬዲዮም ብዙ ዘፈን ከአየር ወረደ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሰዓት እላፊው ተነሣ። ሁለቱ ከተሞች ሌሊታቸውን የተለዋወጡ ይመስላል። ወርዲ በ1994 የዘፈነው በዚያ አዲስ በተከፈተ ሌሊት ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ኦምዱርማን በሚገኘው የአርቲስቶች ክበብ ውስጥ ዘፋኙ ኾጃሊ ኦስማን በስለት ተወግቶ ሞተ፤ ሌላው ዘፋኝ አብዱልቃድር ሳሊምም ቆሰለ። ከዚህ በኋላ የአዲስ አበባውን ቅጂ ካርቱም ውስጥ የሚሰማ ሰው የሚሰማው ዘፈኑን ብቻ ሊሆን አይችልም። አንድ ዘፋኝ በሰፊ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሳይፈራ ሲዘፍን ይሰማል።

ወርዲ ራሱ የፖለቲካ ጣጣ ያልሸሸ ሰው ነው። በ1932 በሰሜን ሱዳን፣ ሰዋርዳ በምትባል የኑብያ መንደር ተወለደ፤ መምህር ነበር። በ1957 የኦምዱርማን ሬዲዮ ተቀበለው። በኦክቶበር 1964 ሕዝቡ የጄኔራል አቡድን አገዛዝ ሲጥል ዘፈኖቹ የአብዮቱ ድምፅ ሆኑ፤ በ1971 ኒሜሪ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታሰረ። ለፍቅርም ለአገርም በአንድ ጉሮሮ ስለሚዘፍን፣ ተወዳጇ ሴት ናት ወይስ ሱዳን የሚለውን አድማጩ ይወስናል። የእኛ አድማጭ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያደገ ነው።

ሙዚቃውን ቀረብ ብለን እንየው። የኦምዱርማን ሬዲዮ ያሳደገው ኦርኬስትራ በቫዮሊን፣ በአኮርዲዮን፣ በዑድና በቦንጎ ላይ የቆመ ነው። አዲስ አበባ ግን ያደገችው በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ባንዶች ነሐስ ነው፤ ትራምፔትና ሳክስፎን የዘፈኖቻችን የጀርባ አጥንት ናቸው። በሱዳኑ ኦርኬስትራ ቫዮሊኖቹ እንደ ምዕራቡ ሲምፎኒ ድምፅ ተከፋፍለው አይጫወቱም፤ ሁሉም አንዱን ዜማ ይይዛሉ፣ ዘፋኙ ሲያጥፍ ያጥፋሉ፣ ሲያርፍ የእርሱን ሐረግ ይመልሱለታል። ማሲንቆ አዝማሪውን እንዴት እንደሚከተል የሚያውቅ ጆሮ ይህን ለመቀበል ልምምድ አያሻውም። የቅኝቱ ዝምድና ብዙ ተብሎለታል፤ ይህ የአጃቢነት ዝምድና ግን በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ነገር ርዝመት ነው። የእኛ ዘመናዊ ዘፈን ወርቃማ የሚባለው ጊዜ በአብዛኛው የሸክላ ጊዜ ነው። አምሐ እሸቴ በ1969 አምሐ ሬከርድስን ሲጀምር፣ ቀጥሎም አሊ አብደላ ካይፋ ሲያሳትም፣ ዋናው ገበያ የትንሿ ሸክላ ነበር፤ ባንድ ገጿ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አትይዝም። ሦስት ደቂቃ የአማርኛ ዘፈንን አጥር ሆኖ ቀረጸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወርዲ የመድረክ ዘፈን ያንን አጥር አያውቀውም። ረዥም የመሣሪያ መግቢያ አለው፤ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት ሕዝቡ ዘፈኑን ለይቶ ያጨበጭባል። ከዚያ አንዱ ስንኝ በአንድ ዜማ ይሄዳል፣ ሁለተኛው በሌላ፤ መሐል ላይ ኦርኬስትራው ለብቻው ይወጣል፣ ምቱ ይቀየራል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሕዝቡ የወደደውን ስንኝ ዘፋኙ ይደግምለታል። እንዲህ ያለ ሐፍላ ላይ ወንዱ ወደ መድረኩ ጠጋ ይልና ክንዱን ከዘፋኙ ራስ በላይ ዘርግቶ ጣቱን ጧ ጧ ያደርጋል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፍ ነበር። የዘፈኑን ርዝመት የሚወስነው ይህ ልውውጥ ነው። ስለዚህ የመድረክ ቅጂ ለሱዳን ዘፈን ከስቱዲዮው ቅጂ ተቀጥላ ሊባል አይገባም፤ ዘፈኑ ሙሉ ቁመቱን የሚያገኘው እዚያ ነው።

ይህን ስል አልበሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የወርዲን ድምፅ በብርሃኑ ማየት የፈለገ ሰው የ1960ዎቹን የኦምዱርማን ሬዲዮ ቅጂዎች ይስማ፤ እዚያ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፣ ከፍ ያለውን ኖታ ሳይለፋ ይነካዋል። በስድሳ ሁለት ዓመት ድምፅ ይወፍራል፣ ትንፋሽም ያጥራል። የመድረክ ቅጂ ደግሞ በባሕርዩ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ይደፍናል። በንጹሕ የድምፅ ሚዛን ከተሄደ የሬዲዮው ቅጂ ያሸንፋል ባይ ነኝ። ጀሪፍ ግን የምትመዝነው በዚያ ሚዛን አልነበረም።

ከጦርነቱ በፊት በጀሪፍ የሚያዳምጠው ማን ነበር? ብዙዎቹ አረብኛን ትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ ከአሠሪ ትእዛዝ፣ ከገበያና ከዘፈን ለቃቅመው የያዙት ነው። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት የወርዲን ስንኝ ሁሉ አትረዳም፤ ግን ወርዲ ከባለቅኔው ሳላህ አሕመድ ኢብራሂም ወስዶ የዘፈነው የስደተኛው ወፍ ዘፈን ስለምን እንደሆነ የሚነግራት አያስፈልግም። በሰው አገር ያለ ሰው ወደ አገሩ የምትበርረውን ወፍ ሰላምታ አድርሺልኝ ይላል። የባዕድ አገሩ ሰው የእርሷን ቃል በእርሷ አገር ላይ ይዘፍነዋል፤ እርሷ በእርሱ አገር ላይ ተቀምጣ ትሰማዋለች። ወርዲ ተሰዶ የዘፈነበት ከተማ እርሷ የተሰደደችበት አገር መዲና ነው። የ1994ቱን አልበም ስታስከፍት የካርቱሙ ሰው ካርቱምን የሚናፍቅበትን፣ እርሷ ደግሞ አዲስ አበባን የምትናፍቅበትን አንድ ቅጂ ነው የምታስከፍተው። በሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ጭብጨባ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ይታዩዋቸዋል፤ ይህን ቡዶካንም አላደረገውም።

አንዳንድ ሱዳናውያን ወዳጆች በዚህ ንባብ አይስማሙም፤ አልበሙ የሱዳን ነው፣ አዲስ አበባ አዳራሽ አከራይ ነበረች ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ቋንቋው አረብኛ፣ ግጥሙ የሱዳን ባለቅኔዎች፣ ቁስሉም የሱዳን ነው። ነገር ግን ወርዲ በኢትዮጵያ የተወደደው በ1994 አይደለም። የኦምዱርማን ሬዲዮ ሞገድ ድንበር አልፎ ሲሰማ ኖሯል፤ የሱዳናዊውን ዘፋኝ የሰይድ ኸሊፋን «ኢዘያኩም ኬፍነኩም» ያልሰማ የከተማ ሰው በአባቶቻችን ዘመን ማግኘት ያስቸግር ነበር። አከራይ ብቻ የሆነ ከተማ ለተከራዩ ዘፈን አብሮ አያጨበጭብም። የከተማዋ ስም በአልበሙ ፊት ላይ መጻፉም የኪራይ ደረሰኝ አይደለም።

ወርዲ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2012 ካርቱም ውስጥ አረፈ። በ2019 ወጣቶች በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ተቀምጠው በሽርን ሲጥሉ የ1964ቱን ዘፈኖቹን ይዘው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ የኦምዱርማን የሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ከ2023 ኤፕሪል እስከ 2024 ማርች ጦሩን በሚዋጋው በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ቆየ፣ በውጊያ መሐል። የሱዳን የዘፈን መዝገብ ዋናው ክፍል ይገኝ የነበረው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። የጀሪፍ ሐበሻ በመተማ በኩል ሲመለስ ብዙ ሱዳናውያንም አብረውት ተሻገሩ። ዛሬ የሱዳን ምግብ ቤትና የሱዳን ዘፈን አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛሉ፤ የ1994ቱን አልበም የሚያስከፍተው ሰው አሁን አልበሙ በተቀዳባት ከተማ ስደተኛ ነው፤ ወርዲም ያኔ እንዲሁ ነበር።

ለተመራማሪዎቻችን እዚህ ሥራ አለ። በዚያ ምሽት የነበሩ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ አርጅተዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ካርቱም ድረስ መሄድ አይጠበቅባቸውም፤ ምስክሮቹ በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። የአልበሙ ሽፋን ዘፋኙን ይጠራል፤ ከስንኙ ጋር አብሮ የሚዘፍነው ያ ሁሉ ሕዝብ ግን ስሙ አልተጻፈም፤ ማን ምን እንደሰማ፣ ከየት ተነሥቶ እንደመጣ፣ የትኛው ስንኝ ላይ እንደቆመ የሚጠየቅበት ጊዜ ገና አላለፈም።