ጌቶች ሲዘምቱ ድስቱን ማን ተሸከመ?

በ1914 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲነሳ፣ እንግሊዝ አገር እንደ ሃይክሌር ያሉ የመኳንንት ግቢዎች የቁስለኛ ሆስፒታል ሆነው ነበር። እኛ ዘንድ በ1928 ዓ.ም. ነገሩ ሌላ ነው። ደሴ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል እንኳ ኅዳር 26 ቀን ከቦምብ አልዳነም። ታዲያ የባላባቱ ቤት ቁስለኛ አልጠበቀም፤ ከነጌታው ከነገረዱ ወደ ቁስለኛው ዘመተ።

መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ልብ ወለድ፣ «ዘ ሻዶው ኪንግ» (2019 እ.ኤ.አ.)፣ ይህን ያሳየናል። ኪዳኔ ጦር ይመራል፤ ሚስቱ አስቴር የባሏን ካባ ደርባ ሴቶችን ታስከትታለች፤ ገረዲቱ ሂሩት የአባቷን ውጅግራ በጌታዋ ተነጥቃ ቁስለኛ ታነሳለች። ጦርነቱ ጌታና ገረድን አንድ ጎራ አሰለፈ እንጂ እኩል አላደረገም። የመጽሐፉ ትልቁ እውነት ይኸው ነው።

ብዙዎች የሚያወድሱት ጠመንጃ ያነሳችውን ሴት ነው። እኔን የነካችኝ ግን ወጥ ቤቷ ናት። ስም የላትም። ያደግሁት እህል በረንዳ ነው፤ እዚያም ጤፍ የሚያበጥሩት እናቶች «አንቺ!» እንጂ በስማቸው ሲጠሩ አልሰማሁም። ደራሲዋን የምወቅሳት ለተኩሱ ገጽ ስትለግስ ለስንቁ መቆጠቧን ነው። ዱቄቱን ማን ፈጨው? በሶውን ማን ተሸከመው?

ጓደኛዬ «ስም ብትሰጣት ኖሮ አንተም አትጠይቅም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተረታሁ። ቅዳሜ ዕለት ከጆንያው ሥር የሚያበጥሩትን አንዲት እናት ስማቸውን ጠየቅኋቸው። ሳቁና «ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩኝ ግን።